የዕለት ዕቅድ ለፊርማ ወይስ ለክፍል? የጋራ ሐሳባችንን እንጨርስ

አወያይ፣ የሳይንስ መምህርት (አዘዞ)፦ ሰላም ባልደረቦች። ለትምህርት መምሪያው የምናስገባው ሐሳብ እስከ ዓርብ ማለቅ አለበት። ባለፈው የተስማማነው አንድ ነገር ላይ ነው፤ የዕለት ዕቅድ አይቅር፣ ግን ይስተካከል። ምኑ ይስተካከል? ጻፉ።

የ5ኛ ክፍል ሒሳብ መምህር፦ እውነቱን ልናገር። ለዓመታት ዕቅድ የጻፍኩት ለፊርማ ነው። የአምናውን ገልብጬ፣ ቀኑን ቀይሬ፣ ሰኞ ጠዋት አስፈርማለሁ። «ተማሪዎች ክፍልፋይ ይደምራሉ» ይላል። የት ላይ እንደሚሳሳቱ ግን አንድም መስመር የለውም።

ዘንድሮ አንድ ልጅ ሰሌዳ ላይ ወጣና ግማሽ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ሁለት አምስተኛ ነው ብሎ ጻፈ። የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደምሮ። 64 ተማሪ አጨበጨበለት! ደነገጥኩ። ሌሊቱን ወረቀት በእንጀራ ቅርጽ ቆራርጬ አደርኩ። በማግስቱ ልጁን ጠራሁት። «ግማሽ እንጀራ ነበረህ። እናትህ ጨመረችልህ። እንዴት ከግማሽ ያነሰ ደረሰህ?» ወረቀቶቹን እየደራረበ ቆየና «ተበላሁ ማለት ነው» አለ። ከዚያ በኋላ እንጀራውን ስድስት እኩል ቦታ መቁረጡን ራሱ አገኘው። ሦስቱና ሁለቱ፣ አምስት ስድስተኛ።

ስለዚህ ቅጹ ላይ «ተማሪው የት ይሳሳታል?» የሚል ቦታ ይኑር። እኔ የምለው ይኼን ነው።

የአማርኛ መምህርት (ማራኪ)፦ ጋሼ፣ ልክ ብለዋል። ደግሞ ይኼ ለጎንደር አዲስ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት የኔታ የትናንቱን ሳያስመልሱ አዲስ ቀለም አይነግሩም። እኛ ምዕራፍ ለመጨረስ እንሮጣለን። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 መጀመሪያ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱን ሁሉ በዕቅድ አላሳብብም፤ ጦርነቱም የመጽሐፍ እጥረቱም ነበር። ግን 40 ደቂቃችን በእጃችን ነው። የመጨረሻዋ 5 ደቂቃ ለአንድ ጥያቄ ትሁን። መልሱን በብጣሽ ወረቀት እንሰብስብ፤ የነገው ዕቅድ ከዚያ ይጀምር።

የትምህርት ክፍል ተጠሪ፦ ሐሳቡ ያምራል፤ ሸክሙ ግን ያሳስበኛል። በሳምንት 25 ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር ሰው ሌላ ቅጽ ተጨመረብህ ሲባል ያው ይገለብጣል። የምንጨምረውን ያህል እንቀንስ። «የመምህሩ ተግባር፦ ማብራራት»፣ «የተማሪው ተግባር፦ ማዳመጥ» የሚለው ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም። ይውጣ።

ሌላው፣ ጃፓኖች የሚሠሩበት መንገድ አለ። መምህራን አንድ ትምህርት አብረው ያቅዳሉ። አንዱ ያስተምራል፣ ሌሎቹ ከኋላ ይቀመጣሉ። የሚያዩት መምህሩን አይደለም፣ ልጆቹን ነው። ከዚያ ዕቅዱን አብረው ያርማሉ። በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ሰዓታችን በወር አንዴ ብንሞክረውስ? ወጪ የለውም።

ጀማሪ መምህር፦ አንድ ነገር ብቻ። በጣም አታሳጥሩት። እኔ በየደቂቃው ካልጻፍኩ ክፍል ውስጥ ይጠፋብኛል።

አወያይ፦ ያንተ ነገር ትክክል ነው፣ ወንድሜ። እንዲህ ይሁን፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ዝርዝር፣ ከዚያ አንድ ገጽ።

እስካሁን የያዝኩት ይኼ ነው። አንድ ገጽ ዕቅድ፤ የዛሬው ዓላማ፣ የሚጠበቀው ስሕተት፣ የመዝጊያ ጥያቄ፣ ከክፍል በኋላ የሚጻፍ አንድ መስመር። በወር አንድ የጋራ ትምህርት። ያልተቋጨው የፊርማው ጉዳይ ነው። እኔ ፊርማው ይቅር አልልም። ፈራሚው ግን ቀኑን ብቻ አይቶ ከሚፈርም፣ ያችን የመጨረሻ መስመር አንብቦ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ይሻላል። የምትቃወሙ ካላችሁ እስከ ረቡዕ ጻፉ።

የመጀመሪያው የጋራ ትምህርት ክፍልፋይ ይሁን። ጋሼ፣ ቅዳሜ ስንገናኝ እነዚያን የወረቀት እንጀራዎች ይዘውልን ይምጡ።