የዕቅድ ውይይት፦ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ሃይድሮጅን የነዳጅ ሴል ምን እናስተምር? (የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ)

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁም። በተስማማነው መሠረት ማኅበራችን ከ4ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች ስለ ንጹህ ኃይልና ስለ ሃይድሮጅን የነዳጅ ሴል (ሃይድሮጅንና ኦክስጅንን አጣምሮ ኤሌክትሪክ ስለሚሰጥ መሣሪያ) የሚያስተምር ፕሮግራም ፕሮፖዛል ሊያዘጋጅ ነው። ለመነሻ ያህል ዓላማውን እንዲህ አስቀምጬዋለሁ፦ «ተማሪዎች ሃይድሮጅን ንጹህ የኃይል ምንጭ መሆኑን ይረዳሉ፤ በነዳጅ ሴል የምትንቀሳቀስ ትንሽ መኪና ገጣጥመው ይነዳሉ።» ጠቅላላ ጊዜው 6 ክፍለ ጊዜ ነው። ሁላችሁም ከሙያችሁ አንጻር እያያችሁ አርሙት፤ የሚቀርበውን ሐሳብ እየሰበሰብኩ ረቂቁን አስተካክላለሁ።

የኬሚስትሪ መምህር፦
ሐሳቡን በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግን እንዲህ እንዳለ ባይወጣ እመርጣለሁ።

ሃይድሮጅን በምድራችን ላይ በብዛት የሚገኘው ብቻውን ሆኖ አይደለም። በውሃ ውስጥ ከኦክስጅን ጋር፣ በተፈጥሮ ጋዝ ውስጥ ከካርቦን ጋር ተጣምሮ ነው ያለው። ለይቶ ለማውጣት መጀመሪያ ኃይል ማዋል አለብን፤ በኋላ የነዳጅ ሴሉ የሚመልስልን ካዋልነው ላይ ከፊሉን ብቻ ነው። ስለዚህ ሃይድሮጅን ከሌላ ቦታ የተገኘን ኃይል ይዞ የሚቆይና የሚያጓጉዝ ነገር ነው። ንጽሕናውም የሚወሰነው በአመራረቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ የተመረተው ሃይድሮጅን 97 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ በዝቅተኛ የካርቦን ልቀት የተመረተው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። የቀረው በአመዛኙ ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል የወጣ ነው። ከተፈጥሮ ጋዝ 1 ኪሎ ሃይድሮጅን በተመረተ ቁጥር ከ9 እስከ 10 ኪሎ የሚደርስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቀቃል።

ልጆቹ «ከመኪናው የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው» የሚለውን ይዘው ቢሄዱ የያዙት እውነት ነው፤ ግን ጎዶሎ ነው። ዓላማው እንዲህ ቢሆንስ፦ «ተማሪዎች በሃይድሮጅን ስለሚሠራ ነገር ሲሰሙ ሃይድሮጅኑ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይለምዳሉ።» ከሁሉም በፊት ይህች ጥያቄ በአእምሯቸው እንድትቀር እፈልጋለሁ።

የ5ኛ ክፍል ሳይንስ መምህርት፦
መምህር ባሉት እስማማለሁ። የሚያሳስበኝ አቀራረቡ ነው። የ10 ዓመት ልጅ ፊት ቆሜ «ኃይል ተሸካሚ» ብዬ ትርጓሜ ባስጽፍ ደብተሩ ላይ ይገለብጠዋል እንጂ አይገባውም። በእጃቸው የሚይዙት ነገር እንስጣቸው።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ለአንዱ ቡድን ፀሐይ፣ ሶላር ፓኔል፣ ኤሌክትሮላይዘር (በኤሌክትሪክ ውሃን የሚከፍል መሣሪያ)፣ የጋዝ ማጠራቀሚያ፣ የነዳጅ ሴልና መኪና የተሳሉባቸው ካርዶች ይሰጡታል። ለሌላው ቡድን የሚሰጡት ካርዶች ከተፈጥሮ ጋዝ ጉድጓድ ይጀምሩና በፋብሪካ በኩል አልፈው እዚያችው መኪና ላይ ያበቃሉ። ሁለቱም ቡድኖች ካርዶቹን በቅደም ተከተል ይደረድራሉ፤ ከዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል ብለው በሚያስቡበት ቦታ ላይ ጥቁር ክብ ይለጥፋሉ። መኪናዋ በሁለቱም ዘንድ አንድ ናት፣ ከሁለቱም የሚወጣው ውሃ ነው፤ ጥቁሩ ክብ ግን በአንደኛው መንገድ መካከል ተቀምጧል። ይህን በዓይናቸው ካዩ እኔ የምጨምረው ብዙ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ይህ ክፍለ ጊዜ ከመኪናዋ ይቅደም። መኪናዋ አንዴ ጠረጴዛ ላይ ከወጣች ሌላ ነገር የሚሰማ ልጅ አይገኝም።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦
ስለ መኪናዋ ከተነሣ፣ ለትምህርት የሚሸጡት መገጣጠሚያዎች አብዛኞቹ በሁለት አቅጣጫ የሚሠራ ሴል አላቸው። መጀመሪያ ከባትሪ ወይም ከትንሽ ሶላር ፓኔል ኤሌክትሪክ ይሰጠውና ውሃን ይከፍላል፤ ቀጥሎ ያንኑ ጋዝ መልሶ እያጣመረ ሞተሩን ያዞራል። ሁለት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ውሃው ዲስትልድ (በትነት የተጣራ) መሆን አለበት፤ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያሉት ማዕድናት በሴሉ መካከል ያለውን ሜምብሬን የሚባል ስስ ሽፋን ያበላሹታል። ሽፋኑ ደርቆ እንዲቀመጥም አይፈለግም።

መገጣጠሚያ የማያገኙ ትምህርት ቤቶች ከፕሮግራሙ ውጭ እንዳይቀሩ ደግሞ በእርሳስ የሚሠራውን ሙከራ ዋናው እናድርገው እላለሁ። ሁለት እርሳሶች በሁለቱም ጫፍ ይቀረጻሉ፤ በካርቶን ተሰክተው ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ይገባሉ፤ የላይኛው ጫፋቸው ከ9 ቮልት ባትሪ ጋር ይያያዛል። ወዲያው አረፋ ይነሣል። ከአሉታዊው ጫፍ ጋር በተያያዘው እርሳስ ላይ አረፋው ይበዛል፤ ያ ሃይድሮጅን ነው። ውሃ ሲከፈል የሚወጣው ሃይድሮጅን በመጠን የኦክስጅኑን እጥፍ ስለሚሆን ልጆቹ በዓይን ብቻ ልዩነቱን ያውቁታል። (በግራፋይት፣ ማለትም በእርሳሱ ጥቁር ልብ፣ ሲሠራ ልኩ እቅጭ ሁለት ለአንድ አይመጣም፤ ስለዚህ ይመልከቱ እንጂ እንዲለኩ አናድርግ።)

በጣም የምወደው ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው። ባትሪው ይነቀልና በቦታው ቮልት ሜትር ይገባል። ባትሪ በሌለበት መለኪያው ቁጥር ያሳያል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይወርዳል። በእርሳሶቹ ላይ ተጣብቆ የቀረው ጋዝ መልሶ እየተጣመረ ኤሌክትሪክ ሰጠ ማለት ነው። አምፖል ለማብራት አይበቃም፣ ለልጅ ግን ይበቃል።

የገበታ ጨው ፈጽሞ እንዳይገባ በመመሪያው ላይ በጉልህ ይጻፍልኝ። ጨው ካለበት ክሎሪን ጋዝ ሊወጣ ይችላል።

የኢነርጂ ኢንጂነር፦
የላብራቶሪ ባለሙያው የገለጹት ሙከራ ከነታሪኩ ቢሰጥ ደስ ይለኛል፤ የመጀመሪያው የነዳጅ ሴል ሐሳብ የመጣው ከዚሁ ዓይነት ምልከታ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1800 ኒኮልሰንና ካርላይል የተባሉ እንግሊዛውያን በኤሌክትሪክ ውሃን ከፈሉ። ወደ 40 ዓመት ገደማ ቆይቶ ሳይንቲስቱ ዊልያም ግሮቭ ነገሩን ገለበጠው፤ ሁለቱን ጋዞች በፕላቲነም ላይ አገናኝቶ ኤሌክትሪክ አገኘ። ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ለረጅም ጊዜ ብዙም ጥቅም ላይ ሳይውል ቆየና እ.ኤ.አ. በ1965 ጀሚናይ 5 መንኮራኩር ላይ ተጭኖ ወደ ጠፈር ወጣ። ወደ ጨረቃ የሄዱት የአፖሎ ጠፈርተኞችም ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከነዳጅ ሴል ነበር፤ የሚጠጡትም ከዚያው ሴል የወጣውን ውሃ ነው። ይህን የሰማ ልጅ «ውሃ ይወጣል» የሚለውን አይረሳውም። 1 ኪሎ ሃይድሮጅን በነዳጅ ሴል ሲያልፍ 9 ኪሎ ውሃ ይሰጣል።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። በባትሪ የሞላነው መገጣጠሚያ መኪናዋን ሲያንቀሳቅስ አንድ ልጅ መነሣቱ አይቀርም፦ «ባትሪውን በቀጥታ ከሞተሩ ጋር ብናያይዘውስ?» መምህራኑ ይህን ጥያቄ እንዳያልፉት እለምናለሁ። ልጁ ትክክል ነው። ከውሃ 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ለማውጣት 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ኤሌክትሪክ ይፈጃል፤ በ1 ኪሎው ውስጥ ያለው ኃይል 33 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ የነዳጅ ሴሉ ደግሞ ከዚያ ላይ ግማሽ ገደማውን ወደ ኤሌክትሪክ ይመልሳል። ባትሪ ከሞላነው ላይ ከ80 በመቶ በላይ ይመልሳል። ለትንሽ መኪና ባትሪ የተሻለ ነው፤ ይህን ለልጆቹ በግልጽ እንንገራቸው።

ታዲያ ሃይድሮጅን ለምን? ለከባድ ነገር፣ ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ ኃይል፣ ኤሌክትሪክ ብቻውን ለማይበቃው ሥራ። ለማዳበሪያ የሚሆነው አሞኒያ ዛሬም የሚሠራው በሃይድሮጅን ነው፤ ብረትን ከማዕድኑ ለማውጣት በከሰል ምትክ ሊያገለግል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ጀርመን ውስጥ በሃይድሮጅን የሚሄድ የመንገደኞች ባቡር ሥራ ጀምሯል። ዋናው ችግር ቦታ ነው፤ 1 ኪሎ ሃይድሮጅን በተራ የአየር ግፊት ከ11 ኪዩቢክ ሜትር በላይ ይይዛል። በመኪና ታንክ ውስጥ የሚገባው እስከ 700 ባር (ከተራው የአየር ግፊት 700 እጥፍ ገደማ) በሚደርስ ግፊት ታምቆ ነው።

የወላጆች ተወካይ፦
ሁላችሁንም እያነበብኩ ነው፤ ብዙ ተምሬያለሁ። እኔ የምጠይቀው ወላጅ ሁሉ የሚጠይቀውን ነው። ይህ ጋዝ ይፈነዳል አይደል? ልጆቻችን አጠገቡ ምን ያህል መቅረብ አለባቸው?

የላብራቶሪ ባለሙያ፦
በእርግጥ ይፈነዳል፤ መሸፋፈን የለብንም። ከአየር ጋር ሲቀላቀል ከ4 እስከ 75 በመቶ ባለው መጠን ሁሉ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ለመለኮስም በጣም ትንሽ ብልጭታ ይበቃዋል። ቀለምም ሽታም የለውም፣ ነበልባሉ በቀን ብርሃን ለማየት ያስቸግራል። በሌላ በኩል ከአየር 14 እጥፍ ያህል ስለሚቀል ክፍት ቦታ ላይ ቶሎ ወደ ላይ ወጥቶ ይበተናል። የሚያሰጋው ሲታፈን ነው።

በእርሳሱ ሙከራ የሚወጣው ጥቂት አረፋ ነው፣ ብርጭቆውም ክፍት ነው። ስለዚህ በመመሪያው ላይ እነዚህ ይግቡ፦ መስኮት ክፍት ይሁን፤ ክብሪትም ሆነ ሻማ በክፍሉ ውስጥ አይኑር፤ ጋዙ በተዘጋ ዕቃ አይጠራቀም፤ ሁሉም ልጅ የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርግ፤ ባትሪውን የሚያያይዘው መምህሩ ይሁን። ሃይድሮጅንን ለኩሶ ድምፁን ማሰማት የሚባለው ሙከራ በዚህ ዕድሜ ይቅር።

የወላጆች ተወካይ፦
አመሰግናለሁ። ይህ ራሱ ለወላጆች በሚላከው ደብዳቤ ላይ እንዳለ ይግባ። ልጆቹ ቤት ሲመጡ «እኛም እንሞክር» ማለታቸው ስለማይቀር፣ ያለ አዋቂ እንዳይሠራ የሚልም ይጨመርበት።

የ5ኛ ክፍል ሳይንስ መምህርት፦
ሴሉ ውስጥ የሚሆነውን ለማስረዳት አንድ ጨዋታ አዘጋጅቻለሁ፤ እዩልኝ።

4 ልጆች ሃይድሮጅን ይሆናሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘው ይቆማሉ። 2 ልጆች ኦክስጅን ሆነው በክፍሉ ሌላ ጫፍ ይያያዛሉ። በመካከል ገመድ ይወጠራል፤ ያ ሜምብሬኑ ነው። ሃይድሮጅን የሆነው ልጅ ሁሉ አንዳንድ ቢጫ ካርድ ይይዛል፤ ካርዱ ኤሌክትሮን (ኤሌክትሪክን የሚሸከመው ቅንጣት) ነው። ገመዱ ዘንድ ሲደርሱ ይለያያሉ፤ ልጁ በገመዱ ሥር ጎንበስ ብሎ ማለፍ ይችላል፣ ካርዱ ግን ማለፍ አይችልም። ካርዱን ለመልእክተኛ ይሰጣል፤ መልእክተኛው በግድግዳው ጥግ ዞሮ ሲሄድ በመንገዱ ላይ ያለውን ደወል መምታት አለበት። ደወሉ ሞተሩ ነው። ወዲያ ማዶ ኦክስጅኖቹ እጃቸውን ይለቃቀቃሉ፤ እያንዳንዱ ኦክስጅን ሁለት ሃይድሮጅንና ሁለት ካርድ ይቀበላል። ሁለት ውሃ ሆነ።

ከጨዋታው በኋላ ካርዶቹን እንዲቆጥሩ አደርጋለሁ። 4 ነበሩ፣ 4 ናቸው። «ኤሌክትሪኩ አለቀ» ብሎ የሚያስብ ልጅ እዚህ ላይ ቆም ይላል። ካርድ አልጠፋም፤ ደወሉ ግን ጮኋል። ያለቀው ምንድን ነው? በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የምንነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው።

የኬሚስትሪ መምህር፦
በጣም ግሩም ነው። አንድ ጭማሪ ብቻ አለኝ፤ ጨዋታው ወደ ኋላም ይጫወቱት። ውሃዎቹ ተያይዘው ይቁሙ፤ መልእክተኛው ካርዶቹን እየነጠቀ ሲመልስ ሃይድሮጅኖቹ ወደ መጡበት ይመለሱ። ይህን ጊዜ ግን ደወሉ አይጮኽም፤ እንዲያውም መልእክተኛውን ከኋላው የሚገፋ አንድ ልጅ ያስፈልጋል። ያ ልጅ ፀሐይ ነው፣ ወይም ባትሪው። «ሃይድሮጅኑ ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ በአካላቸው ይመለስላቸዋል።

አስተባባሪ፦
ሁሉንም አይቼ ረቂቁን አሻሽዬዋለሁ። ዓላማው አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «ተማሪዎች የነዳጅ ሴል ሃይድሮጅንና ኦክስጅንን አጣምሮ ኤሌክትሪክና ውሃ እንደሚሰጥ በሙከራ ያያሉ፤ ሃይድሮጅን ከሌላ ምንጭ የመጣ ኃይል እንደሚይዝ ይገልጻሉ፤ ሃይድሮጅኑ እንዴት እንደተመረተ ጠይቀው ንጽሕናውን ይመዝናሉ።» ክፍለ ጊዜዎቹ በካርዶቹ ይጀምራሉ፤ የእርሳሱ ሙከራ፣ ጨዋታው፣ መኪናዋና «ባትሪ ወይስ ሃይድሮጅን?» የሚለው ክርክር ይከተላሉ፤ የመጨረሻው ለምዘና ነው። መገጣጠሚያ የሌለው ትምህርት ቤት በመኪናዋ ፋንታ የእርሳሱን ሙከራ በሶላር ፓኔል ይደግማል።

ምዘናው ላይ የጽሑፍ ፈተና እንዳይሆን ብዙዎቻችሁ በስልክ ነግራችሁኛል። ሐሳቤ «ጭስ የለሽ» የሚል የተጻፈበት የአውቶቡስ ሥዕል ሰጥተን እያንዳንዱ ቡድን አውቶቡሱን ለገዛው ሰው ሦስት ጥያቄ እንዲያዘጋጅ ነው። የምንመዝነው ጥያቄያቸውን ነው። ተቃውሞ ከሌለ ይህን አስገባለሁ።

የኢነርጂ ኢንጂነር፦
ተቃውሞ የለኝም። ግን በሶላር ፓኔሉ ቀን ሰማዩ ቢደምንስ? ተለዋጭ ቀን ይያዝለት?

የ5ኛ ክፍል ሳይንስ መምህርት፦
ተለዋጭ ቀን አንያዝለት። ፓኔሉ በደመና ሥር አረፋ ማውጣት ሲሳነው ልጆቹ ይዩት፤ ኃይል ማስቀመጥ ለምን እንዳስፈለገ ከዚያ የተሻለ የሚያስረዳ ነገር የለኝም። መኪናዋ ባለችበት ትምህርት ቤት ደግሞ ጠዋት ፀሐይ ሳለ ሞልተን ከሰዓት ብንነዳትስ? ጋዙ እስከዚያ ይቆያል?

የላብራቶሪ ባለሙያ፦
ለጥቂት ሰዓት ይቆያል፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ውሃው ነው አፍኖ የሚይዘው። ትንሽ ትንሽ ስለሚያመልጥ ግን ጠዋት ሲሞላ የውሃው ልክ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግ፤ ከሰዓት ልጆቹ ምን ያህል እንደጎደለ ከምልክቱ ጋር አስተያይተው ይጻፉ። ይህንንም በመመሪያው ላይ እጨምራለሁ።