የኢ-ታይፕ ጃጓር የኋላ ክሮቼራዎች፦ ግራሶ እንዴት ላድርስላቸው?

ባለ ጃጓሩ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእ.ኤ.አ. 1967 ኢ-ታይፕ ጃጓር አለችኝ፤ ሞተሯ ባለ 4.2 ሊትር ነው። ለዓመታት ቆማ ከቆየች በኋላ አስነስቼ መንዳት ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆነኝ። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮን ስለቅ ከኋላ «ቋ» የሚል የብረት ድምፅ ይሰማል። ነዳጅ ረግጬ ስለቅም ይደግመዋል። ከሥር ገብቼ ስመለከት ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማዎቹ በሚሄዱት ሁለት ሻፍቶች ጫፍ ላይ ያሉት አራት ክሮቼራዎች (ሻፍቱ እየታጠፈ እንዲዞር የሚያደርጉት ባለ መስቀል መጋጠሚያዎች) ግራሶ ካዩ ብዙ ጊዜ እንደሆናቸው ያስታውቃል።

የውጪዎቹን ሁለቱን፣ በጎማዎቹ በኩል ያሉትን፣ እንደምንም ግራሶ ሰጥቻቸዋለሁ። የውስጠኞቹ ግን ከፍሬን ዲስኩ ጎን ተሸጉጠው፣ ዙሪያቸውን በብረት ቀፎ ተከበው የግራሶ ፓምፑ አፍ ኒፕሉ (ግራሶ የሚገባበት ትንሽ ጡት) ላይ አልቀመጥ አለ። አንድ ጋራዥ ጠይቄ «የኋላው ክፍል ከነዲፈረንሻሉ ካልወረደ አይሆንም» አሉኝ። ለግራሶ ብቻ ይህን ሁሉ ማውረድ ግዴታ ነው?

ጋሽ መፍቻ፦
ግዴታ አይደለም ልጄ። ግን ስለ ፓምፑ ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር ልንገርህ። በዚህች መኪና ላይ ሻፍቱ ጎማ በማዞር ብቻ አያበቃም። ጎማውን ከታች የሚይዘው የታችኛው ክንድ ነው፤ ከላይ የሚይዘው ግን ሻፍቱ ራሱ ነው። የላይ ክንድ የሚባል ነገር የላትም። ስለዚህ ክሮቼራው ሲበላ ድምፅ ብቻ አይደለም የሚያመጣው፣ ጎማው ራሱ ከላይ ልል ይሆናል። ኩርባ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስበው።

ስለዚህ አስቀድመህ ፈትሽ። ጎማውን ከመሬት አንሣና አንድ እጅህን ከላይ፣ አንዱን ከታች አድርገህ እየገፋህና እየሳብክ ነቅንቀው። ሌላ ሰው ባትሪ ይዞ ክሮቼራውን ይመልከት። የክሮቼራው መስቀል ጫፍ በደፋው ቆብ ውስጥ ሲላወስ ከታየ ያ ክሮቼራ አልቋል፤ ግራሶ ብትሞላው ድምፁን ለሳምንት ያፍንልህ ይሆናል እንጂ አያድነውም። በቆቦቹ አፍ ላይ ቡናማ የዝገት ዱቄት ካየህም ያው ነው። ውስጥ ያሉት እንደ መርፌ የቀጠኑ ሮለሮች ደርቀው እየተፈጩ ነው ማለት ነው።

ሰያፍ፦
ጋሽ መፍቻ ትክክል ናቸው። እኔ ደግሞ ውጪዎቹ እሺ ብለውህ ውስጠኞቹ ለምን እምቢ እንዳሉህ ልንገርህ፣ እኔም ብዙ ቅዳሜ ያባከንኩበት ነገር ስለሆነ።

መኪናዋን በስታንድ ስታቆማት ጎማዎቹ ይንጠለጠላሉ፣ ሻፍቱም ወደ ውጭ ያዘቀዝቃል። በዚህን ጊዜ የውስጠኛው ክሮቼራ ከላይ በኩል ይከፈትና ከታች ይጠብባል። የውጪው በተቃራኒው ከታች ይከፈታል። አንተ ከሥር ተኝተህ ስለምትሠራ ውጪው ተመቸህ፣ ውስጠኛው ዘጋብህ። የሚከፈትበት በላይ በኩል ደግሞ ቀፎው አለ።

ስለዚህ ውጪዎቹን ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ጨርስ። ከዚያ በጎማው በኩል፣ ከታችኛው ክንድ ጫፍ ሥር ክሪክ አስገባና ሻፍቱ አግድም ለጥ እስኪል ድረስ ቀስ ብለህ አንሣ። በየጎኑ ሁለት ሁለት ስፕሪንግ ስላለ ክሪኩ ይከብደዋል፤ አካሏ ከስታንዱ ላይ መነሣት እንዳትጀምር ዓይንህን አትንቀል። ሻፍቱ ለጥ ሲል የውስጠኛው ክሮቼራ ከታችም ቦታ ይሰጥሃል። ያኔ ጎማውን በእጅህ እያዞርክ ኒፕሉ ወደ አንተ እንዲመጣ አድርግ።

ለማዞር ማርሹ ፎሌ ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ የተለቀቀ መሆን አለበት። ስለዚህ የፊት ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በሽብልቅ ሳትይዝ አትግባ። ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች አንሣ፤ ብዙዎቹ ኢ-ታይፖች ሁለቱን ጎማ አያይዞ የሚያዞር ዲፈረንሻል ስላላቸው አንዱ መሬት ከነካ ሌላው አይዞርልህም።

ኤምጂ ነጂ፦
የእኔ መኪና ሌላ ናት፣ ግን የፓምፑ ችግር አንድ ነው። ትልቁ ባለ አራት ጥርስ አፍ እንዲህ ባለ ቦታ አይገባም፣ አትታገለው። እንደ ወፍራም መርፌ የሾለ አፍ ይሸጣል። ኒፕሉን ነክሶ አይዝም፤ መሐሉ ያለችውን ኳስ ገፋ አድርጎ እዚያው ነው የሚያስገባው፣ ስለዚህ በእጅህ ጠበቅ አድርገህ ትይዘዋለህ። ባለ ዘጠና ዲግሪ ቀጭን አፍም ጥሩ ነው። ተጣጣፊ ቱቦ ያለው ፓምፕ ከሆነ አንዱ አፉን ይዞ ሌላው ቢረግጥ ሥራው ግማሽ ይቀልላል።

ኒፕሉ አርጅቶ ወይም ተደፍኖ ከሆነ ፈትተህ በ45 ዲግሪ በተጣመመ ተካው። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ! የድሮዎቹ የእንግሊዝ መኪኖች ኒፕል ብዙውን ጊዜ ጥርሱ በኢንች ነው፣ አዳዲስ ክሮቼራዎች ደግሞ በሚሊሜትር ይመጣሉ። የሩብ ኢንቹ 6.35 ሚሊሜትር ስለሆነ ከ6 ሚሊሜትሩ ጋር በዓይን ይምታታል። በጣት ካልገባ በመፍቻ አታስገድደው።

ባለ ጃጓሩ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ምን ዓይነት ግራሶ ልጠቀም? ምን ያህልስ?

ጋሽ መፍቻ፦
ሊቲየም ያለበት፣ ጥንካሬው ቁጥር 2 የሆነ፣ ለከባድ ጫና የተሠራ ግራሶ በቂ ነው። ቀድሞ ምን እንደነበረበት ስለማታውቅ አሮጌው ተገፍቶ እስኪወጣ ድረስ ሙላ፤ ሁሉም ግራሶ አብሮ አይስማማም። በአየር ግፊት የሚሠራ ፓምፕ አትጠቀም፣ የቆቡን አፍ የሚዘጋውን ላስቲክ ይገነጥለዋል። በእጅ ቀስ እያልክ ምታ። መጀመሪያ ጥቁሩ፣ ቀጥሎ ንጹሑ በአራቱም ቆቦች አፍ ብቅ ሲል አቁም። በሦስቱ ወጥቶ አራተኛው እምቢ ካለ ሻፍቱን ወደዚያና ወደዚህ እየነቀነቅህ ደግመህ ሞክር፤ ብዙ ጊዜ ጫና ያረፈበት ቆብ ነው የሚዘጋው።

ከመጀመርህ በፊት ግን ዲስኩን በፕላስቲክ ሸፍነው። የውስጠኛው ክሮቼራ ከዲስኩ አጠገብ ስለሆነ የተረፈው ግራሶ ስትነዳ ተወርውሮ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። ስትጨርስ ትርፉን በጨርቅ ጠራርገህ ሳታወጣ ፕላስቲኩን አታንሣ።

ይህ የኋላ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1961 ከኢ-ታይፕ ጋር የመጣ ሲሆን በሌሎቹ ጃጓሮች፣ በማርክ 10 ላይም በ1968 በወጣው ኤክስጄ6 ላይም አለ። የእነዚያ ባለቤቶችም ይህንኑ ያድርጉ።

ባለ ጃጓሩ፦
ዛሬ ሞከርኩት። ሰያፍ እንዳለው ሻፍቱን ለጥ አድርጌ፣ በሾለው አፍ የግራውን ውስጠኛ ጨረስኩ። መጀመሪያ የወጣው እንደ ጫማ ቀለም የጠቆረና የደረቀ ነበር፣ ከዚያ አራቱም ቆቦች ላይ ንጹሕ ግራሶ ቀለበት ሠራ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

የቀኙ ግን ኒፕል የለውም። ጎማውን ሙሉ ዙር አዙሬ ፈለግሁ፣ የለም። በአንዱ ቆብ ዙሪያ ደግሞ ጋሼ ያሉት ቡናማ ዱቄት አለ፣ ስነቀንቀውም ይንቀሳቀሳል።

ሰያፍ፦
ቀድሞ የነበረው ባለቤት ኒፕል የሌለው፣ ግራሶው ተሞልቶ የታሸገ ክሮቼራ አስገብቶበታል ማለት ነው። እሱ ሲያልቅ መለወጥ ብቻ ነው። ድምፅህም ከዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ለዚህም ቢሆን የኋላው ክፍል በሙሉ መውረድ የለበትም። ሻፍቱ ብቻውን ይወጣል። ከዲፈረንሻሉ ሥር ያለውን ጠፍጣፋ ብረት ስትፈታ ለእጅህ ቦታ ታገኛለህ፤ እሱን ሳትመልስ ግን መኪናዋን እንዳትነዳት፣ ቀፎውን ከሥር አጥብቆ የሚይዘው እሱ ነው። ውስጠኛውን ጫፍ የያዙትን አራት ዳዶዎች ስትፈታ በሻፍቱና በዲስኩ መካከል ስስ ብረቶች ታገኛለህ። ጎማው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚያዘነብልበት ልክ የሚስተካከለው በእነሱ ነው። ቁጠራቸው፣ በየጎናቸው ለይተህ በክር እሰራቸው።

አዲሱን ስታስገባ ኒፕል ያለው ግዛ። የሁለቱም ጫፍ ኒፕሎች ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያዩ አድርገህ ግጠም፤ ጎማውን አንዴ አቁመህ ሁለቱንም ትጨርሳለህ።

ኤምጂ ነጂ፦
ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ኋላ የሚመጣውን ረጅሙን ሻፍትም አትርሳው። የእሱም ሁለት ክሮቼራ አለው።

ባለ ጃጓሩ፦
የቀኙ ሻፍት ወጥቷል። ስስ ብረቶቹ ሁለት ናቸው፣ «ቀኝ» ብዬ ጽፌ ክር አስሬባቸዋለሁ። ከተበላው ቆብ ውስጥ ሮለሮቹ እንደ ቀይ አሸዋ ሆነው ወጡ። ባለ ኒፕሉ ክሮቼራ እንደመጣ እገጥመዋለሁ። የረጅሙን ሻፍት የፊት ክሮቼራ ለማግኘት ደግሞ በመቀመጫዎቹ መካከል ያለውን የማርሽ ሳጥን ሽፋን ነገ እከፍታለሁ።