ኦፓሌን ውሃ ውስጥ አሳድሬው ቀለሙ ጠፋ፤ ድረሱልኝ!

ጠያቂ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋዬን ጭቃው እንዲለቅ ብዬ ዘፍዝፌው አደርኩ። ጠዋት ሳወጣው ቀዩም አረንጓዴውም የለም፤ ጠርሙስ መስሏል። ነገ ሊያየው የሚመጣ ገዢ አለ። ተበላሽቷል ማለት ነው?

የደሴው፦ ምድጃ አጠገብ አስቀምጠው፣ ውሃው ቶሎ ይወጣል።

መምህሩ፦ ወንድሜ፣ ድንጋይ በቀለሙ ብቻ አይለይም። ጥንካሬውን እይ። መለኪያው ከ1 እስከ 10 ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ጥንካሬው ይጨምራል፦ ጥፍር 2.5 ገደማ፣ ካልሳይት የሚባለው ለስላሳ ማዕድን 3፣ የመስኮት መስታወት 5.5 ገደማ፣ ኳርትዝ 7። ኦፓል ከ5.5 እስከ 6.5 ነው። ምስማር ካልሳይትን በቀላሉ ይጭረዋል፤ ኦፓልን ግን እምብዛም። ስትሞክር በማይታየው ጎኑ ይሁን።

ከሐይቅ፦ መጀመሪያውኑ ኦፓል መሆኑን በምን አወቅክ? ካልሳይት ነው። አቼቶ ጠብ አድርግበት፤ አረፋ ካወጣ አለቀ።

የደላንታ ልጅ፦ ኧረ አቼቶ እንዳታስነካው! የኛ አገር ኦፓል የነካውን ሁሉ ይጠጣል፤ ዘይትም ሳሙናም ቡናም ገብቶ ይቀራል። አቼቶው ለሌላው ድንጋይ ይሁን።
አብሽር ወንድሜ፣ አልተበላሸም። በፈረንጆቹ 2008 ስሙ የወጣው የወገል ጤና ኦፓል ጠባዩ ይኸው ነው፦ ውሃ ሲጠጣ ጥርት ይላል፣ ቀለሙ ይሸሸጋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ካልሳይት እንዲህ አያደርግም። ጨርቅ ላይ አድርገህ ጥላ ስር ተወው። መሃል ላይ ነጭ ጉም ይለብሳል፤ እንዳትደነግጥ፣ እየደረቀ ነው።

የደሴው፦ ሰውየው ነገ ነው የሚመጣው! ምድጃው ይሻላል።

የደላንታ ልጅ፦ ሙቀት ይሰነጥቀዋል። ስንት ሰው ደህና ድንጋይ በእሳት አጥቷል! እንደ ውፍረቱ ከሰዓታት እስከ ቀናት ይፈጃል፤ ገዢውን ቀጠሮ አስለውጠው። የወርቅ ሚዛን ካገኘህ ጠዋትና ማታ መዝነው፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል። እርጥቡን በግራም እንዳትሸጥ፣ የውሃውን ዋጋ ማስከፈል ነው።

እናት ዓለም፦ እኔም ጥቁር ከባድ ድንጋይ አለኝ፣ ማግኔት ይይዛል። ወርቅ አለበት ይሉኛል።

መምህሩ፦ እታለም፣ ማግኔት ወርቅን አይስብም። ሴራሚክ ገልብጪና ሻካራው ጀርባው ላይ ፈትጊው። ጥቁር መስመር ካወጣ ማግኔታይት ሊሆን ይችላል፣ ቀይ ቡናማ ከሆነ ሄማታይት፤ ሁለቱም የብረት ማዕድን ናቸው። ምንም ካልተወ ሌላ ነው።

ከሐይቅ፦ ጠያቂው የት ጠፋህ? ጉሙ ጀመረው?