ነጭ ነጠብጣብ የገባበት የኮራል አኳሪየም፦ መዳብ እዚያው ገንዳ ውስጥ ይጨመራል?

ኮራል_አራት_ኪሎ

ሰላም ለሁላችሁ። ገንዳው 350 ሊትር የጨው ውሃ ነው። ለስላሳ ኮራሎች፣ ሽሪምፕ፣ ቀንድ አውጣዎች፣ ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ የሎው ታንግና አንድ ጎቢ አሉበት። አዲስ ከገባ ታንግ ጋር ነጭ ነጠብጣብ መጣና አዲሱ ሞተ። የቀሩትም ላይ የጨው ቅንጣት የሚያህል ነጥብ ወጥቶ ነበር፤ በአምስተኛው ቀን ጠፋ፣ ምግብም ይበላሉ። ድነዋል ማለት ይቻላል? ካልዳኑስ የመዳብ መድኃኒቱን እዚያው ብጨምረው? አሳዎቹን ለማውጣት ድንጋዩን በሙሉ ማፍረስ ሊኖርብኝ ነው።

ጨዋማ_ፒያሳ

አልዳኑም ወንድሜ። ነጥቡ ጠፋ ማለት ጥገኛው ጠግቦ ወረደ ማለት ነው። ነጭ ነጠብጣብ የሚያመጣው ጥገኛ፣ ክሪፕቶካርዮን፣ የአሳው ቆዳ ሥር ከ3 እስከ 7 ቀን ይመገብና ይለቃል፤ ከዚያ አሸዋ፣ ድንጋይ ወይም መስታወት ላይ ተጣብቆ፣ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ ይባዛል። ከአንዱ ሽፋን በመቶ የሚቆጠሩ ዋናተኞች ይወጣሉ፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ አሳ ካላገኙ ያልቃሉ። መዳብ የሚገድላቸው በዚህች ጊዜ ብቻ ነው። ቆዳ ሥር ያለውንም፣ ሽፋን ውስጥ ያለውንም አይነካም።

ዋናው ገንዳ ውስጥ መዳብ በጭራሽ እንዳትጨምር። ሽሪምፑና ቀንድ አውጣው ወዲያው፣ ኮራሉም ተከትሎ ያልቃል። ድንጋዩና አሸዋው ደግሞ መዳቡን ይመጡታል፤ ስለዚህ መጠኑን መቆጣጠር አትችልም፣ በኋላም መልሰው ሊለቁት ይችላሉ።

ድንጋዩን ከማፍረስህ በፊት ከውሃው ሁለት ሦስተኛውን ንጹሕ በርሜል ውስጥ ቅዳ። ውሃው ሲያጥር አሳ መያዝ ይቀላል፤ ውሃውንም መልሰህ ትጠቀምበታለህ።

ለሕክምናው 80 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ይበቃል፤ መርካቶ የሚሸጠው ትልቁ የፕላስቲክ ሳጥንም ይሆናል። አሸዋም ድንጋይም አታግባ። መደበቂያ እንዲሆናቸው ሰፋ ያለ የፒቪሲ ቱቦ ቆራርጠህ ጣልበት። ስፖንጅ ፊልተር፣ 26 ዲግሪ ላይ የተስተካከለ ሂተር፣ ጨዋማነት 1.025 (የውሃው ክብደት ከንጹሕ ውሃ አንጻር)። ከፊልተሩ ውስጥ ካርቦን ካለ አውጣ፤ መድኃኒቱን ይይዛል።

ኩፕራሚን ከሆነ ያለህ መጠኑ ለ40 ሊትር 1 ሚሊ ሊትር ነው። ለ80 ሊትር 2 ሚሊ ጨምር፣ 48 ሰዓት ጠብቅ፣ ሌላ 2 ሚሊ ድገም፤ በሊትር 0.5 ሚሊግራም ይደርሳል። ሌላ ዓይነት መዳብ ከሆነ ይህ ቁጥር አይሠራም፣ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ተከተል። ከዚያ በኋላ ሳትለካ ጠብታ እንዳትጨምር፤ ከታች ከሆነ አይገድልም፣ ከላይ ከሆነ አሳውን ይጎዳል። 30 ቀን አቆየው፤ ወይም በ14ኛው ቀን አሳዎቹን ታጥቦ ወደደረቀ ሌላ ገንዳ አዛውራቸው።

ብዙ ሰው አሳ የሚያልቅበት ግን በበሽታው አይደለም፣ በአሞኒያ ነው። አዲሱ ገንዳ ከአሳው ቆሻሻ የሚወጣውን አሞኒያ የሚያጠፋ ባክቴሪያ ገና የለውም። አሞኒያ የሚያስሩ ፈሳሾችን ደግሞ ከኩፕራሚን ጋር አትቀላቅል፤ መዳቡን ይበልጥ መርዛማ ያደርጉታል። መፍትሔው ውሃ መቀየር ብቻ ነው፤ የምትጨምረው ውሃ ውስጥም አስቀድመህ መዳቡን 0.5 አድርስ።

ስንጥብ

ከሁሉ በፊት ቬልቬት የሚባለው ሌላው የጥገኛ በሽታ አለመሆኑን አረጋግጥ። የቬልቬት ነጥብ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ በባትሪ ከጎን ስታበራበት ወርቃማ አቧራ ይመስላል። አሳው ፓምፑ ፊት ቆሞ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ በ2 ወይም 3 ቀን ሊሞት ይችላል። መዳብ ለሁለቱም ይሠራል፤ ጨዋማነትን ወደ 1.009 ማውረድ ግን ለቬልቬት አይሠራም።

ሌላው፣ የውጭ መመሪያዎች የሚጻፉት ባሕር ጠረፍ ላለ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በሩብ ገደማ ያንሳል። 26 ዲግሪ የሆነ የባሕር ውሃ ጠረፍ ላይ በሊትር 6.6 ሚሊግራም አካባቢ ሲይዝ፣ እዚህ 5 አካባቢ ነው። ስንጥቡ የቆሰለ አሳ ያችኑ ነው የሚተነፍሳት። መመሪያው አንድ የአየር ድንጋይ (አየሩን በአረፋ የሚበትነው) ካለ ሁለት አድርግ፤ አንዱ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ ይሁን።

ጨው ሲወደድ የአፍዴራን ጨው ለመሞከር የሚያስብ አይጠፋም። አይሆንም፤ የባሕር ውሃ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና አልካሊኒቲ ይፈልጋል።

ሳሪስ_ሪፍ

የወባ መድኃኒቱ ክሎሮኪንስ? ፋርማሲ ይገኛል። ዋናው ገንዳ ውስጥ የቀረው ጥገኛ እንዲያልቅ ደግሞ ገንዳውን 27 ዲግሪ አድርጎ 45 ቀን ያለ አሳ ማቆየት ይበቃል የሚሉ አሉ።

ጨዋማ_ፒያሳ

ክሎሮኪን ፎስፌት ይሠራል፤ ግን የፋርማሲው እንክብል ሌላ ማሟያ አለበት፣ ውሃውን ያደፈርሳል። ልኬቱም በፎስፌቱ እንጂ በቤዙ (ያለ ፎስፌቱ በሚቆጠረው ንጹሕ መድኃኒት) አይደለም፤ 250 ሚሊግራም ፎስፌት ማለት 150 ቤዝ ነው፣ እዚህ ላይ ስንቱ ይሳሳታል። ቤት ውስጥ የሚለካበት መንገድም የለም። የወባ ሕመምተኛው ይጠቀምበት።

በ45 ቀኑ አልስማማም። ሙቀቱ ካልተናጋ አብዛኛው ሽፋን በአራት ሳምንት ውስጥ ይፈለፈላል፤ ነገር ግን እስከ 72 ቀን የቆየ ተመዝግቧል። 76 ቀን የሚባለው ከዚያ ነው፣ 4ቷ ቀን ለዋናተኞቹ መሞቻ ናት። እኛ ጋ ደግሞ ሐምሌ ላይ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሂተሩ ሲቆም ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ቅዝቃዜ ደግሞ ዑደቱን ያዘገየዋል። 45 ብለህ የቆጠርከው 45 አይሆንም።

ኮራል_አራት_ኪሎ

እሺ፣ 76። ጎቢው ግን ድንጋይ ውስጥ ገብቶ አልወጣም። ሽሪምፑና ቀንድ አውጣዎቹስ ይቆዩ?

ስንጥብ

ይቆዩ፣ እነሱ አይታመሙም። ለሽሪምፑ በሁለት ሦስት ቀን አንዴ ቆንጠር አድርገህ ምግብ ስጥ፤ የፊልተሩም ባክቴሪያ ከዚያ ይኖራል። ቆጠራው ግን የሚጀምረው የመጨረሻው አሳ ከወጣበት ቀን ነው። ጎቢው እዚያ እስካለ ድረስ ገና ዜሮ ላይ ነህ። ማታ መብራቱን አጥፍተህ ጠብቀው፤ ካልሆነ የተሸሸገበትን ድንጋይ ከነእሱ አንስተህ ባልዲ ላይ ያዘው፣ ውሃው ሲንጠፈጠፍ ብዙ ጊዜ ራሱ ይወጣል።

መረብ፣ ቱቦ፣ ክንድህም ጭምር ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው እርጥብ ሆኖ አይሻገር። ሁለቱ ገንዳዎች ቢያንስ 3 ሜትር ይራራቁ፤ ከፓምፕና ከአየር ድንጋይ የሚረጨው ጠብታ ጥገኛ ሊሸከም ይችላል። በመሃል ቀንድ አውጣ ወይም ኮራል ከገዛህ ደግሞ ቅርፊቱና መሠረቱ ላይ ሽፋኑ ተጣብቆ ሊመጣ ይችላልና፣ ቆጠራው ከዚያ ቀን እንደገና ይጀምራል።