አስቸኳይ፦ ተከራዬ ቅዳሜ ውሻ ይዞ ሊገባ ነው

ባለ ቤዝመንት፦
ሰላም ወገኖች። እባካችሁ ዛሬውኑ መልስ እፈልጋለሁ። ቤዝመንታችንን (ምድር ቤቱን) የተከራየው ሰው ቅዳሜ ውሻ አመጣለሁ አለኝ። ውላችን ላይ «እንስሳ ማስገባት ክልክል ነው» የሚል አለ፤ ፈርሞበታል። ይህን ስነግረው «የቤት እንስሳ አይደለም፣ ለጭንቀት ሕመሜ የሚረዳኝ ነው» ብሎ አንድ ወረቀት በስልክ ላከልኝ። ወረቀቱ ወርቃማ ማኅተም፣ የውሻው ፎቶግራፍና የምዝገባ ቁጥር አለው። የሐኪም ስም ግን የለውም። ባለቤቴ ውሻ ትፈራለች፣ እናቷ ደግሞ አስም አለባቸው። 300 ዶላር ተጨማሪ ዲፖዚት (የመያዣ ገንዘብ) ላስከፍለው ወይስ ውሉን አፍርሼ ላስወጣው?

ቡና በጨው፦
300 ዶላሩን ተቀበልና ይግባ። ምንጣፍህን ሲቦጫጭቀው በምን ታሠራዋለህ?

ታዛቢ፦
የእኛ ሰው ችግር ውል የሚያነበው ከተጣላ በኋላ መሆኑ ነው። ቤዝመንት አከራይቶ የባንክ ዕዳ ማቃለል ጥሩ ነው፤ ግን አከራይ መሆን ሥራ ነው፣ ሥራ ደግሞ ሕግ አለው። ስንቱ ውል ከጓደኛ ተቀድቶ፣ ስምና አድራሻ ብቻ ተቀይሮ ይፈረማል! እዚህ አሜሪካ ውሻ እንደ አገር ቤት ከአጥር ውጭ የሚያድር ዘበኛ አይደለም። ይህን ሳይቀበሉ ማከራየት ለክስ መዘጋጀት ነው።

ባለ ቤዝመንት፦
ጋሼ፣ ምክሩን በኋላ እሰማለሁ። ቅዳሜ ምን ላድርግ?

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቤቱ የት እንደሆነ ንገረን። አንተስ እዚያው ትኖራለህ?

ባለ ቤዝመንት፦
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። እኛ ከላይ፣ እሱ ከታች። መግቢያው ለየብቻ ነው፤ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ግን የጋራ ነው። የባለቤቴ ቋንጣ የሚሰቀለውም እዚያ ነው።

ሰባተኛው መንገድ፦
የውሻው ጭንቀት በአንድ ሌሊት ይድናል! ቋንጣውን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ።

የአሌክሳንድሪያዋ፦
እዚያው የምትኖሩ ከሆነ በኪራይ ላይ አድልዎ የሚከለክለው ሕግ አይመለከታችሁም። ባለቤቱ የሚኖርበትና ከአራት ቤተሰብ በላይ የማይኖርበት ቤት ከፌዴራሉ ሕግ ነጻ ነው። አስወጣው።

ቁልፍ ያዥ፦
እህቴ፣ ያልሽው ለፌዴራሉ ሕግ እውነት ነው። ነገር ግን የሜሪላንድ ሕግ ለእንዲህ ያለ ቤት የሚሰጠው ነጻነት ከዚያ የጠበበ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲም (ወረዳው) የራሱ ደንብ አለው። በዚህ ተማምኖ ሰው ማስወጣት አደገኛ ነው። ለሰው ቤት ስለማስተዳድር የማውቀውን ልጻፍ።

በ1988 የተሻሻለው የፌዴራል የመኖሪያ ቤት ሕግ አላከራይም ማለትን ብቻ ሳይሆን፣ አካል ጉዳት ያለበት ሰው ቤቱን እንደ ሌላው ለመጠቀም የሚያስፈልገውን ተገቢ ማመቻቸት መንፈግንም አድልዎ ይለዋል። የአእምሮ ሕመምም በዚህ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በማስፈጸሚያ ደንቡ የተጻፈው ምሳሌ ራሱ፣ እንስሳ በተከለከለበት ሕንጻ መሪ ውሻውን ይዞ መኖር የፈለገ ዓይነ ስውር ነው። ስለዚህ የውልህ አንቀጽ ብቻውን አያድንህም።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ መንግሥት የአጋዥ ውሾች መዝገብ የለውም። ያ ቁጥር ከድረ ገጽ የተገዛ ነው፤ ማኅተሙም ጌጥ ነው። ይሁን እንጂ «ወረቀትህ ውሸት ነው» ብለህ በር አትዝጋበት፤ ልጁ በእርግጥ ታማሚ ሊሆን ይችላል። የሚከታተለው ባለሙያ አካል ጉዳት እንዳለበትና ውሻው ከዚያ ጋር በተያያዘ እንደሚያስፈልገው የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲያመጣ በጽሑፍ ጠይቀው። የሕመሙን ዝርዝርና የሕክምና መዝገቡን አትጠይቅ።

ደብዳቤው ካሳመነህ ተጨማሪ ዲፖዚትም ሆነ ወርኃዊ የእንስሳ ክፍያ የለም። ጉዳት ካደረሰ ከተራው ዲፖዚት ትቀንሳለህ። ተራ የቤት እንስሳ ቢሆን እንኳ፣ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሜሪላንድ በሚፈረም ውል ጠቅላላው ዲፖዚት፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከአንድ ወር ኪራይ ማለፍ አይችልም። የአንድ ወር ቀድመህ ተቀብለህ ከሆነ ያ 300 ዶላር ትርፍ ነው፤ ከሶ ከረታህ እስከ ሦስት እጥፉ ልትከፍል ትችላለህ።

ቡና በጨው፦
ታዲያ «የጽዳት» ብለህ ተቀበለዋ።

ቁልፍ ያዥ፦
ስሙን ቢቀይሩትም ያው ነው።

ባለ ቤዝመንት፦
የአማቴስ አስም? አየር ማሞቂያው እኮ ለላዩም ለታቹም አንድ ነው።

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ለእርሳቸውም የሐኪም ማስረጃ ያዙ። «እንፈራለን» አያስኬድም፤ በማስረጃ የተደገፈ ሕመም ግን ሌላ ነገር ነው። እስከዚያው የማሞቂያውን ማጣሪያ ቀይሩት። ለካውንቲው የአከራይና ተከራይ ጉዳዮች ቢሮም ነገ ጠዋት ደውል፤ ቅድም «አስወጣው» ያልኩትን ከመሞከርህ በፊት።

ቁልፍ ያዥ፦
ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልጨምር። ውሻው ቢገባም በጋራው ክፍል በማሰሪያ እንዲያዝ፣ ቆሻሻው እንዲነሣ፣ ሌሊት ጩኸት እንዳይኖር በጽሑፍ መጠየቅ ትችላለህ። አጋዥ መሆኑ ከጨዋነት ነጻ አያወጣውም። ተከራይህ በጠየቀህ ማግስት ኪራይ መጨመር ወይም በር ላይ ቆሞ ማስፈራራት ግን ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ለፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት አቤት ለማለት አንድ ዓመት፣ ፍርድ ቤት ለመሄድ ሁለት ዓመት አለው፤ የምትልከው መልእክት ሁሉ እስከዚያ ይቀመጣል።

ሰባተኛው መንገድ፦
ቅዳሜ አለፈ። ባለ ቤዝመንት፣ ምን ደረሰ? ቋንጣው አለ?

ታዛቢ፦
አልተመለሰም። ውል እያነበበ ይሆናል።

ቡና በጨው፦
እኔ አሁንም 300 ዶላሩን ነው የምለው።