ክርክር፦ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን የሚተርኩ የወጣቶች መጻሕፍት ከትምህርት ቤት መደርደሪያ ይነሡ ወይስ ይቆዩ?

አወያይ

የዚህ ሳምንት ጥያቄ ከሜሪላንድ የመጣ ነው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በክፍል ከሚነበቡ መጻሕፍት ውስጥ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን የሚያነሡ የሥዕል ታሪኮችን ጨመሩ። በመጀመሪያ ወላጅ ከጠየቀ ልጁ ከክፍል እንዲወጣ ይፈቀድለት ነበር፤ በማርች 2023 ግን ይህ ቀረ። በዚያው ዓመት ጁን ወር ሮክቪል በሚገኘው የትምህርት ቦርድ ደጃፍ ለተቃውሞ ከተሰለፉት ወላጆች ብዙዎቹ ሙስሊሞችና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ነበሩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁን 27 ቀን 2025 በ6 ለ3 ድምፅ፣ ልጆቻቸውን ከእነዚህ ንባቦች ማስወጣት እንዲፈቀድላቸው ለከሰሱት ወላጆች ፈረደ። ታዲያ በቤተ መጻሕፍት ያሉት፣ ለአሥራዎቹ ዕድሜ የተጻፉት የፍቅር ልቦለዶችና የሥዕል ታሪኮችስ? በጨዋነት ተወያዩ።

የሦስት ልጆች አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ከተሰለፉት አንዱ ነበርኩ፤ ዛሬም ቢጠሩኝ እሰለፋለሁ። ማንንም ለመስደብ አልወጣሁም። የወጣሁት ስለ ልጄ የሚወስነው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ ነው። ከእምነቴ ጋር የሚጋጭ ነገር ልጄ ሲማር ቢያንስ ሊነገረኝ ይገባል፤ ፍርድ ቤቱም ያለው ይህንኑ ነው። መደርደሪያው ደግሞ ከክፍሉ ይብሳል እንጂ አይሻልም። በክፍል ቢያንስ መምህር አለ። በቤተ መጻሕፍት ግን ሽፋኑ ያማረ መጽሐፍ ለብቻው ያገኘዋል፤ ያውም እኔ ሳላውቅ። ስለዚህ ይነሡ ባይ ነኝ። የፈለገ ወላጅ በገንዘቡ ገዝቶ ለልጁ ይስጥ።

አንባቢዋ፣ አሌክሳንድሪያ

ጋሼ፣ ስለ ክፍሉ ከእርስዎ ጋር ነኝ። የአምስት ዓመት ሕፃን ተቀምጦ የሚያዳምጠውን አልመረጠም፤ ወላጁ አስቀድሞ ማወቁ ተገቢ ነው። መደርደሪያው ግን ሌላ ነው። ከዚያ ላይ መጽሐፍ የሚያነሣ ልጅ ፈልጎ ነው የሚያነሣው። ፍርዱም የተሰጠው በክፍል ስለሚሰጥ ትምህርት ነው፤ መጻሕፍቱ ከመደርደሪያ ይውረዱ አላለም።

እኔን የሚያንገበግበኝ አብዛኛው ክርክራችን ገልጠን ስላላየናቸው መጻሕፍት መሆኑ ነው። ስለዚህ ያነበብኳቸውን ልናገር፤ ጥሩውንም ደካማውንም።

ከሁሉ ስሙ የገነነው የእንግሊዛዊቷ አሊስ ኦስማን «ሃርትስቶፐር» ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በኢንተርኔት በነፃ ሲወጣ የቆየ የሥዕል ታሪክ ነው፤ በ2022 ኔትፍሊክስ ተከታታይ ፊልም አድርጎታል። ቻርሊና ኒክ በክፍል ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ኒክ የራግቢ ተጫዋች ነው፤ ቻርሊ ደግሞ ማንነቱ ከታወቀ ጀምሮ ሲሰደብና ሲገፋ የከረመ ልጅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቅጾች ሰላምታ፣ በስልክ መጻጻፍና በበረዶ መጫወት ናቸው። ስሜት ሲበረታ በገጹ ዳርና ዳር ትንንሽ ቅጠሎች ሲበኑ ይታያሉ። አራተኛው ቅጽ ግን ይከብዳል። ቻርሊ ምግብ አልወርድለት ይላል፤ ራሱን ይጎዳል። ኒክ በፍቅሩ ብቻ ሊያድነው ይፍጨረጨራል። ይህን ሸክም አንድ ሰው ለብቻው እንደማይችለው፣ ሌላ እርዳታ እንደሚያስፈልግ የምትነግረው እናቱ ናት። በእኛ ቤት የአእምሮ ሕመም ስንት ዓመት ተደብቆ እንደሚኖር ሁላችንም እናውቃለን። ያንን ገጽ የእኛ ልጆች ሁሉ ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ድክመትም አለው። ደግነቱ ይበዛል። ኒክ ለእናቱ ሲነግራት በጥቂት ገጾች ውስጥ አቅፋው ነገሩ ያበቃል። ከእኛ ቤት የወጣ ልጅ ይህን ሲያነብ የሌላ ሰው ቤት በመስኮት እያየ እንደሆነ ይሰማዋል።

ስለዚህ ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የአዲባ ጃይጊርዳር «ዘ ሄና ዎርስ» ነው፤ በ2020 የወጣ ልቦለድ። ንሻት ደብሊን የምትኖር፣ ወላጆቿ ከባንግላዴሽ የመጡ ሙስሊም ልጅ ናት። ሴት እንደምታፈቅር ለእናትና ለአባቷ ትነግራቸዋለች። አይጮሁም፣ አይደበድቧትም። ዝም ይላሉ። ከዚያ በኋላ ያለው የቤቱ ዝምታ፣ «ሰው ምን ይላል» የሚለው ፍርሃት፣ ታናሽ እህቷ ፕሪቲ ብቻ ከጎኗ መቆሟ፣ ደራሲዋ ይህን ሁሉ ቤታችን ተቀምጣ የጻፈችው ይመስላል። ወላጆቹን ጭራቅ አላደረገቻቸውም። ለልጆቻቸው የለፉ፣ ልጃቸውን የሚወዱ፣ በዚህ አንድ ነገር ግን የሚሉት የጠፋቸው ሰዎች ናቸው። ንሻት የምታፈቅራት ፍላቪያ ለትምህርት ቤቱ የንግድ ውድድር የሂናውን ሥራ ስትይዝ ደግሞ ልጅቱ ትቆጣለች፤ ከአያቶቿ የወረሰችው ጥበብ በሌላ እጅ ሲሸጥ ማየት ያማታል። ፍቅሩም ቁጣውም አብረው ይሄዳሉ። የውድድሩ ክፍል አንዳንድ ቦታ ይንዛዛል። የቤቱ ክፍል ግን አንድም ገጽ አይባክንም።

የማሪኮ ታማኪ እና የሮዝመሪ ቫሌሮ-ኦኮኔል «ሎራ ዲን ኪፕስ ብሬኪንግ አፕ ዊዝ ሚ» የተባለው የ2019 የሥዕል ልቦለድ ደግሞ ስለ መጥፎ ፍቅር ነው። ፍሬዲ የምታፈቅራት ልጅ ትተዋታለች፣ ትመልሳታለች፣ እንደገና ትተዋታለች። ፍሬዲም ከዚህ አዙሪት ሳትወጣ፣ የቅርብ ጓደኛዋ ለጭንቅ ስትፈልጋት አጠገቧ አትገኝም። በመጨረሻ ራሷ ትለያታለች። ለሴት ልጄ ስለሚያዋርድ ፍቅር ልነግራት የምፈልገውን ከዚህ የተሻለ የሚናገር መጽሐፍ አላገኘሁም፤ የምታፈቅረው ወንድ ይሁን ሴት ምክሩ አይለወጥም።

እነዚህ ናቸው ይነሡ የተባሉት። ነውሩ የትኛው ገጽ ላይ እንደሆነ ይነገረኝ።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፣ ሲያትል

እህቴ፣ አክብሬሽ ልመልስ። ጥያቄውን የተሳሳተ ቦታ አስቀምጠሽዋል። እኔ ነውረኛ ገጽ አልፈልግም። የእነዚህ መጻሕፍት ኃይል ማማራቸው ነው። ልቦለድ አይከራከርም፤ ያስወድዳል። ቤተ ክርስቲያናችን ገድልና ተአምር የምታነብልን ለምን ይመስልሻል? ትእዛዙን ብቻ ብትነግረን እንረሳዋለን፤ የጻድቁን ሕይወት ስትተርክልን ግን ልባችን ይከተላል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እነዚያን የሚበኑ ቅጠሎች እያየ ሲያድግ ማንም ሳይከራከረው ልቡ ወዴት እንዳዘነበለ አንቺም ታውቂያለሽ። «መጥፎ ነገር የለበትም» ለእኔ መልስ አይሆነኝም።

አንባቢዋ፣ አሌክሳንድሪያ

መምህር፣ እውነትዎን ነው፤ ልቦለድ ያስወድዳል። ምን ያስወድዳል ብለን እንጠይቅ እንጂ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ ለሰብለ ወንጌልና ለበዛብህ አልቅሷል። በዛብህ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ ነበር። ፊታውራሪ መሸሻም እንደ ዘመናቸው የልጃቸውንና የዘራቸውን ክብር ጠባቂ ነበሩ። እኛ ግን ስለቱንም ክብሩንም ትተን ከሁለቱ ልጆች ጋር ቆምን። መጽሐፉ ስለት ማፍረስን አላስተማረንም፤ ሰው በማፍቀሩ ሲቀጣ ማየት እንዴት እንደሚያም አሳየን። እነዚህ መጻሕፍትም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፣ ሲያትል

ሐዲስ ዓለማየሁ የተቹት የመደብን ልዩነትና የባላባትን ትዕቢት ነው። የተፈጥሮን ሥርዓት አልነኩም። ሁለቱን አንድ ማድረግ ይከብደኛል። ልጆቹ ግን መገፋትና መሰደብ የለባቸውም በሚለው ካንቺ ጋር ነኝ፤ ይህን በጉባኤ ቆሜ የምናገረው ነው።

ነርስ፣ ስቶክሆልም

አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉም በአንድ ከረጢት መከተቱ ይቅር። የኬሲ ማክዊስተን «ሬድ፣ ዋይት ኤንድ ሮያል ብሉ» የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ልጅና የእንግሊዝ ልዑል ሲፋቀሩ የሚተርክ፣ ለአዋቂዎች የተጻፈ ልቦለድ ነው፤ የመኝታ ቤት ትዕይንት አለው። ይህ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መደርደሪያ ላይ አይቀመጥ ቢባል እስማማለሁ፤ ወንድና ሴት የሚፋቀሩበት ተመሳሳይ መጽሐፍም እንዲሁ አይቀመጥ። መስፈርቱ ዕድሜ ከሆነ ለሁሉም እኩል ይሁን። ለአንዱ መሳም «ፍቅር»፣ ለሌላው መሳም «ብልግና» የሚል ሚዛን ግን አልቀበልም።

ከአዲስ አበባ

እዚህ ጥያቄው ስለ መደርደሪያ አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ድርጊቱን ያስቀጣል፤ በአደባባይ የሚከራከርም የለም። እኔም በመጻሕፍቱ መልእክት አልስማማም። ግን ማገዱ ምን እንደሚያስገኝ ንገሩኝ። ሃንጋሪ እ.ኤ.አ. በ2021 ሕግ አውጥታ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ለልጆች ክፍት ሆነው እንዳይቀርቡ፣ በፕላስቲክ ታሽገው እንዲሸጡ፣ በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን 200 ሜትር ዙሪያ ጨርሶ እንዳይሸጡ አዘዘች። በጁላይ 2023 ሊራ የተባለው የመጻሕፍት መደብር «ሃርትስቶፐር»ን ሳያሽግ በወጣቶች ክፍል በማስቀመጡ 12 ሚሊዮን ፎሪንት (የሃንጋሪ ገንዘብ) ተቀጣ። ታሪኩ ግን ያን ጊዜም በኢንተርኔት በነፃ ይነበብ ነበር። ፕላስቲኩ ያገደው አያትን ነው፤ ለልጅ ልጇ ስጦታ ልትገዛ ገብታ ገልጣ ማየት የማትችለውን አያት። ልጁማ በስልኩ አንብቦ ጨርሷል። ያነበበውን የሚጠይቀው ሰው ግን የለም።

የኮሌጅ ተማሪ፣ ሜሪላንድ

ታላላቆቼ፣ እዚሁ ያደግሁ ስለሆነ አንድ ነገር ልናገር። ሁላችሁም ስለ እኛ ነው የምታወሩት፤ ከእኛ ጋር ግን አላወራችሁም።

ጋሼ፣ «እኔ ሳላውቅ» ብለዋል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማውቃት አንዲት የእኛው ልጅ ንሻት ያለችበትን መጽሐፍ ያነበበችው በምሳ ሰዓት ነው፤ እዚያው መደርደሪያው ሥር ቆማ። አንድም ቀን አልተዋሰችውም፤ ከተዋሰችው ስሟ ይመዘገባላ። ደወሉ ሲደወል ገጹን በቃሏ ይዛ መልሳ ታስቀምጠዋለች። መጽሐፉ አልለወጣትም። የነበረችውን ናት። መጽሐፉ የሰጣት አንድ ነገር ነው፦ እንደ እሷ ያለ ቤት፣ እንደ እሷ ያለች እናት፣ ያም ሆኖ ከዚያ ቤት ያልጠፋች ልጅ። «ገዝቶ ለልጁ ይስጥ» ሲሉ የእሷ አባት የሚገዛላት ይመስልዎታል? ለእሷ ያ መደርደሪያ ብቻ ነበር ያላት።

መምህር ደግሞ ልባቸው ያዘነብላል አሉ። እኔ ሁሉንም አንብቤያለሁ፤ የማፈቅረው ወንድ ነው። ያዘነበለው ነገር ቢኖር በአውቶቡስ ውስጥ አንድ ልጅ ሲሰደብ አብሬ መሳቄን መተዌ ነው።

የሦስት ልጆች አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

የልጅቱን ነገር ሳነብ አዘንኩ። አባቷ ብሆን ኖሮ ቆማ ከምታነብ ብትነግረኝ እመርጥ ነበር። ግን ልጄ፣ ሐቁን ልንገርሽ፦ ብትነግረኝ ምን እንደምላት አላውቅም። በመጀመሪያው ቀን እንደ እነዚያ ወላጆች ዝም እል ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ይህ ግን አቋሜን አያስለውጠኝም። ትምህርት ቤቱ የእኔን ቦታ ተክቶ ልጄን እንዲያሳድግ አልፈቀድኩም። መጽሐፉ እንዳጽናናት ተረድቻለሁ፤ ሌላውን ልጅ የሚያደናግርም ይኖራል። አንባቢዋ ሆይ፣ ያልሽውን መጽሐፍ አነበዋለሁ፤ የሂናውን። አንብቤ ስጨርስም «አይሆንም» ካልኩ «አይሆንም» ማለቴን ትቀበያለሽ?

አንባቢዋ፣ አሌክሳንድሪያ

ለልጅዎ፣ አዎ፤ ያለ ምንም ቅሬታ። ለቤተ መጻሕፍቱ ጽፈው ልጄ ይህን እንዳይዋስ ቢሉ እንኳ አልቃወምዎትም። ለእኔ ልጅና ለዚያች ቆማ ለምታነብ ልጅ ግን አልቀበልም። የእርስዎ «አይሆንም» ከቤትዎ ደጃፍ ሲያልፍ በሌላ አባት ላይ መወሰን ይሆናል፤ ሮክቪል የተሰለፉትም ይህንኑ ተቃውመው ነው።

የሦስት ልጆች አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

የመጨረሻውን ነገር አስብበታለሁ። መልስ የለኝም አልልም፤ አንብቤ እመለሳለሁ።