«ማን ሂዱ አላቸው?» ስለተባለው የማርቆሱ ንግግር

የሞጣዋ፦
ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ላይ ሕገ ወጥ ስደትን ለመከላከል በተጠራ ስብሰባ አንዲት እናት ተነሥተው፣ ቤይሩት የምትሠራው ልጃቸው በጦርነቱ ወራት የት እንደገባች ሳያውቁ መክረማቸውን ተናገሩና በዚያን ጊዜ እንደ እርሷ ላሉት ምን እንደተደረገ ጠየቁ። ከመድረኩ የተሰጣቸው መልስ «ማን ሂዱ አላቸው? ቦምብ ሲወርድ እያዩ ካልወጡ የቀሩት በራሳቸው ፈቃድ ነው» የሚል ነበር። የተናጋሪውን ስም አልጠራም፤ ይበልጥ ያናደዱኝ ያጨበጨቡት ናቸው።

እስራኤል መስከረም 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ሊባኖስን በአየር በከባዱ መደብደብ በጀመረች ጊዜ፣ ከደቡብ የሸሹ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ቤት ቆልፈውባቸው ወይም መንገድ ላይ ጥለዋቸው መሄዳቸውን፣ ለተፈናቃይ ከተከፈቱት መጠለያዎችም ብዙዎቹ የውጭ ሠራተኞችን ከበር መመለሳቸውን ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ፓስፖርቷ ያለው ማዳሟ ዘንድ ነው፤ በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ ከቤት የጠፋች ከሆነች ደግሞ የአገሪቱ የደኅንነት መሥሪያ ቤት የመውጫ ፈቃድ ካልሰጣት አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ብትደርስም አትሳፈርም። ይህችን ልጅ በራሷ ፈቃድ ቀረች ለማለት ምን ዓይነት ልብ ያስፈልጋል?

ዓባይ ማዶ፦
ለእናቲቱ አዝናለሁ፤ መልሱም በዚያ ቃና መነገር አልነበረበትም። ነገር ግን ቃናውን ትተን ፍሬ ነገሩን እንመልከት። ኢትዮጵያ ዜጎቿ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሊባኖስ እንዳይሄዱ ያገደችው በ2000 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት እዚያው ሊባኖስ የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ነበረ፤ ያን ጊዜም ቤት ተቆልፎባቸው የቀሩ ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. የአገሪቱ ገንዘብ ወድቆ አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል ሲያቅታቸው ልጆቹን ከነሻንጣቸው በቤይሩት ቆንስላችን ደጃፍ እየጣሉ ሲሄዱ ዓለም አይቷል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 ቀን ወደቡ ፈነዳ። ይህ ሁሉ እየታወቀ፣ ታግዶም እያለ፣ በሌላ አገር ዞሮ የገባ ሰው መንግሥትን «ከከለከልከኝ ቦታ አምጣኝ» የሚለው በምን አፉ ነው? «ማን ሂዱ አላቸው» የሚለው ቢያስከፋም መልስ ያለው ጥያቄ ነው፤ ማንም አላላቸውም።

የቡሬው ነጋዴ፦
እርግጥ ነው፣ ማንም አላላቸውም። ግማሽ ጥማድ መሬት ለአምስት ልጅ ተካፍሎ ሁሉም ጠግቦ ያደረ፣ ትምህርት የጨረሰውም ሁሉ በማግሥቱ ሥራ የገባ ይመስል! ደላላውም እኮ ቢሆን የወረዳው ሰው ሁሉ በስሙ የሚያውቀው፣ በገበያ ቀን በግላጭ ቡና የሚጠጣ ሰው ነው።

ይልቅስ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ልጂቱ ዶላር ስትልክ ባንኮቻችን «ከውጭ የተላከልዎትን በእኛ በኩል ተቀብለው ይሸለሙ» እያሉ ዕጣ ያወጣሉ። ያን ጊዜ «ማን ላኩ አላቸው» ያለ ባለሥልጣን አልሰማሁም።

ጮቄ፦
ነገሩን ወደ ሕጉ ልመልሰው፤ ምክንያቱም በስሜት የሚነገረውና በወረቀት ያለው አልተገናኙም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1949 የተፈረመው አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት በአንቀጽ 35፣ በተዋጊ አገር ግዛት ውስጥ ያለ የውጭ ሰው በጦርነቱ መጀመሪያም ሆነ በመካከሉ ልውጣ ካለ የመውጣት መብት እንዳለው፣ አገሪቱም ልትከለክለው የምትችለው መውጣቱ ብሔራዊ ጥቅሟን የሚነካ ሲሆን ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። ይህ መልካም ነው። ሆኖም አንቀጽ 4ን ያነበበ ሰው፣ የገለልተኛ አገር ዜጋ የሆነ ሰው አገሩ በተዋጊዋ አገር መደበኛ የዲፕሎማሲ ውክልና እስካላት ድረስ በዚህ ስምምነት ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሰዎች እንደማይቆጠር ያያል። ሐሳቡ «ኤምባሲው አለለት» ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው ቤይሩት ላይ በዋናነት የተሰጠው ለስምምነቱ ሳይሆን ለቆንስላችን ነው። በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ስምምነትም የዜጎችን ጥቅም መጠበቅ የቆንስላ ሥራ ነው፤ ሆኖም ዜጋው «አውጡኝ» ብሎ ከስሶ የሚያስፈጽመው መብት አድርጎ አልሰጠውም።

ዓባይ ማዶ፦
ጮቄ፣ ሳያስቡት ለእኔ መሰከሩልኝ። የማውጣት ግዴታ የለም ማለት ነው። ይህን ደግሞ ድሃ አገር ብቻ አይደለም የሚለው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ስትነድ አሜሪካ 100 ያልሞሉ የኤምባሲ ሰዎቿን በሄሊኮፕተር አንሥታ ሌሎቹን በሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎቿን «መንግሥት የሚያዘጋጀው ማስወጫ አይጠብቁ» አለቻቸው። አሜሪካ ያላደረገችውን እኛ እንድናደርግ ነው የሚጠየቀው?

ጣና ዳር፦
ታሪኩን ከመካከል ቆረጡት። ያ በተባለ በሳምንቱ አሜሪካ በአውቶቡስ አጅባ ሰዎቿን ወደ ፖርት ሱዳን አውጥታለች። እነዚያ ሄሊኮፕተሮችም ከጅቡቲ ተነሥተው ነዳጅ የቀዱት በኢትዮጵያ ምድር ነው። በእኛ ምድር ነዳጅ የተቀዳላቸው የሌላውን ሰው ሲያነሡ የእኛው ሰው በእግርና በጭነት መኪና ወደ መተማ ይጓዝ ነበር።

ሩቅም መሄድ አያስፈልግም፤ እዚሁ ባሕር ዳር ያየነው አለ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ውጊያው ከተማችን በገባ ጊዜ፣ በረራ ተቋርጦ፣ ኢንተርኔት ተዘግቶ እኛ ቤታችን ተቀምጠን ሳለ፣ እስራኤል ከጎንደርና ከባሕር ዳር ዜጎቿንና ወደ እርሷ ለመሄድ የተፈቀደላቸውን ከ200 በላይ ሰዎች አወጣች። ማንም «ማን ወደ ጎጃም ሂዱ አላቸው» ሲል አልሰማንም። የሰው ዋጋ እንደ መንግሥቱ ነው ካላሉኝ በቀር ልዩነቱን ያስረዱኝ።

ዓባይ ማዶ፦
ልዩነቱ አቅም ነው። እስራኤል ያወጣችው 200 ሰው ነው፤ ሊባኖስ ውስጥ ያሉት የእኛ ሰዎች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሲሆኑ ከእነርሱም ብዙዎቹ ወረቀት የላቸውም።

የቡሬው ነጋዴ፦
አቅም? የአፍሪካ ትልቁ አየር መንገድ የማን ነበር? በዓል ሲሆን በኩራት የምንጠራው፣ ሰው ሲጠፋ ግን ክንፉ የሚወልቅ ነው ማለት ነው።

የመተማ መንገድ፦
ብዙ ስለ እኛ ስለተባለ እኔም ልናገር። ሰሊጥ ለማጨድ ከጎጃም መተማ ወርጄ፣ ከዚያ ገዳሪፍ፣ ከዚያ ካርቱም የገባሁ ነኝ። ጦርነቱ የጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ቀዳም ስዑር ነበር፤ ዴም በሚባለው የሐበሻ ሰፈር የነበርን ሁሉ ለፋሲካ ዶሮ ገዝተን ነበር።

የሞጣዋን ሐሳብ አከብራለሁ፤ ሆኖም እውነቱን ላለመደበቅ ያህል፣ በፈቃዱ የቀረ ሰው አለ። እኔም ከመጀመሪያዎቹ አውቶቡሶች ጋር መውጣት ስችል ቀርቻለሁ። የሠራሁበት ገንዘብ ሰው እጅ ነበር፤ ባዶ እጄን አባቴ ደጃፍ ከመድረስ ጥይቱን መረጥኩ። ሻይ እየሸጡ የሚኖሩት እኅቶቻችን ብዙዎቹ እንዲሁ ነበሩ፤ ሱቅና በረንዳ ትቶ መውጣት ለእነርሱ ዕድሜ ትቶ መውጣት ነው። በኋላ የአውቶቡሱ ዋጋ ጣሪያ ነካ፤ ኬላው በዛ፤ በየኬላው ስልክና ገንዘብ ይወሰዳል። እንደምንም ጋላባት ደርሼ ድልድዩን ተሻገርኩና በሰኔ አገሬ ገባሁ። በነሐሴ ጦርነቱ እዚሁ ጠበቀኝ።

ስለዚህ ዓባይ ማዶ፣ ፈቃድ አልነበረም አልልዎትም። ፈቃዱ ከምንና ከምን መካከል እንደነበረ ግን በመድረኩ ላይ ያሉት ሰውዬ አልጠየቁም።

ዓባይ ማዶ፦
ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም ገቡ። ይህ ምስክርነት ከሁላችንም ክርክር ይበልጣል። ነገር ግን ልብ ይበሉ፣ «በራሳቸው ፈቃድ ነው» የተባለውን እርስዎ ራስዎ አጸኑት።

የሞጣዋ፦
አጸኑት? አንብበው ነው ወይስ የፈለጉትን መስመር ብቻ መርጠው? ሰውየው ገንዘቡ ሰው እጅ ስለነበር ቀረሁ አሉ፤ ከዚህ ላይ ገንዘቡን፣ ኬላውን፣ የአውቶቡሱን ዋጋ ሁሉ ቀንሰው ፈቃድን ብቻ ያስቀሩት እርስዎ ነዎት። ደግሞም እርሳቸው የሚወጡበት መንገድና የሚሻገሩት ድልድይ ነበራቸው። የተቆለፈባትን ልጅ ከእርሳቸው ጋር በአንድ ስም መጥራት ለሁለቱም ግፍ ነው።

መሪጌታ ዘዲማ፦
ልጆቼ፣ እኛ ስለተሰደዱት ብቻ ስናወራ እኛ ዘንድ ስለነበሩት ረሳን። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ከወጡ በኋላ ጣሊያን እስኪገባ ድረስ ከተማዋ ስትዘረፍ፣ አርመኑም ግሪኩም ሕንዱም ሕይወቱን ለማትረፍ ወደየሌጋሲዮኑ፣ ማለትም ወደ ውጭ መንግሥታት ኤምባሲዎች ሸሸ፤ የእንግሊዙን በር የጠበቁት የሲክ ወታደሮች ነበሩ። የእንግሊዝ ቀይ መስቀልን ይዞ ቁስለኞቻችንን ሲያክም የነበረው ሐኪም ጆን ሜሊ በዚያው ሰሞን በመንገድ የወደቁትን ሲያነሣ በዘራፊ ጥይት ተመትቶ ሞተ። ጥይቱ የጣሊያን አልነበረም። እንግዳ አክባሪነታችንን ሁልጊዜ እናወራለን፤ ያን ሳምንት ግን አናወራም።

በ1990ውም ጦርነት አብረውን የኖሩ፣ ልጆቻችንን ያስተማሩ፣ ክርስትና ያነሡ ኤርትራውያን በሌሊት ከቤታቸው ተወስደው በአውቶቡስ ወደ ድንበር ተጫኑ። ያን ጊዜስ ማን ተናገረ?

የቡሬው ነጋዴ፦
መሪጌታ፣ በአክብሮት ግን ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። እነርሱ ከተዋጋን አገር ጋር የተያያዙ ነበሩ፤ ከአስመራና ከአሰብ የተባረሩት የእኛ ሰዎችስ?

ጮቄ፦
ሌላ ጉዳይ አይደለም፤ ይህ ክርክር ስለየትኛው እንግዳ ነው ታዲያ? በሔግ የተሰየመው የሁለቱ አገሮች የካሣ ኮሚሽን በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ሁለቱንም መንግሥታት በሲቪሎች ላይ በፈጸሙት ጥፋት ተጠያቂ አድርጓል። የእኛዎቹ መባረር የእነርሱን መባረር አያነጻውም።

የቡሬው ነጋዴ፦
አነጻሁ አላልኩም። ሕግ ያነበበ ሁሉ ለሌላው ወገን ጠበቃ ለመሆን የሚቸኩለው ለምን እንደሆነ ግን አይገባኝም።

ጣና ዳር፦
እባካችሁ፣ ሃያ ዓመት ያለፈውን ለሌላ ቀን እናቆየው። ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. የመን ሰዓዳ ላይ ስደተኞች የታሰሩበት ግቢ በአየር ተመትቶ በሥፍራው ያሉት የሁሲ ባለሥልጣናት 68 ሰው መሞቱን ተናገሩ። አፍሪካውያን ናቸው፤ አብዛኞቹ የእኛ ልጆች ናቸው። እነዚህ በእስር ቤት የነበሩ ሰዎች ናቸው። በራሳቸው ፈቃድ የሚለውን እዚህ ላይ እንዴት እንደምታስገቡት ማየት እፈልጋለሁ።

ዓባይ ማዶ፦
በሰዓዳ ያዘነ አንጀት የእናንተ ብቻ አይደለም። ግን ያ ራሱ የእኔን ነገር ነው የሚያስረዳው፤ በባሕር፣ በበረሃ፣ በጦርነት መካከል አልፎ ሳዑዲ ለመግባት መነሣት መከልከል አለበት። እገዳ የሚጣለው ለዚህ ነው።

ጮቄ፦
እገዳው የሠራውን ግን ይመልከቱት። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሠራተኛ ወደ ውጭ የሚልክ ኤጀንሲ ፈቃድ እንዲያወጣ፣ ለሠራተኛዋ መብት ማስከበሪያ የዋስትና ገንዘብ እንዲያስይዝ፣ ችግር ሲደርስባትም ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን መንግሥት በፈቀደው መንገድ ለሄደችው ነው። ሊባኖስ ታግዶ ስለነበር ወደዚያ በደላላ የሄደችው ልጅ ኤጀንሲ የላትም፤ የተያዘላት ዋስትና የለም፤ ጦርነት ሲነሣም ማን የት ቤት እንዳለች የሚናገር መዝገብ የለም። ፊሊፒንስ ለሠራተኞቿ የአደጋ ደረጃ እየመደበች፣ አራተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ መመለሱን ግዴታ የምታደርገው ማን የት እንዳለ ስለምታውቅ ነው። እኛ ከለከልን፤ በመከልከላችንም ልጆቹን ከመዝገብ አወጣናቸው፤ ከዚያ በኋላ «ማን ሂዱ አላቸው» ብለን ጠየቅን።

ዓባይ ማዶ፦
ታዲያ እገዳ ሁሉ ይነሣ ነው የምትሉት? ተነሥቶ በሕጋዊ መንገድ ሄደው ዳግመኛ ጦርነት ሲመጣ ደግሞ «መንግሥት ልጆቻችንን ወደ እሳት ላከ» የሚሉት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እናንተው ናችሁ።

የሞጣዋ፦
አዎን፣ እንላለን። ያን ጊዜ ቢያንስ የላካት መንግሥት ስሟን ያውቃል።

የቡሬው ነጋዴ፦
ደላላውም ወደ ኤጀንሲነት ያድጋል፤ ማኅተም አሠርቶ በማርቆስ አደባባይ ቢሮ ይከፍታል። በሚቀጥለው ስብሰባም በክብር እንግድነት ይጠራል።

ዓባይ ማዶ፦
ይህ ቀልድ መልስ አይደለም። የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፤ ወረቀት የሌላቸውን ብዙ ሺህ ሰዎች ቦምብ በሚወርድበት ከተማ ከየቤቱ ፈልጎ ለማውጣት ወጪውን ማን ይሸፍን? ቅጣታቸውን ለሊባኖስ መንግሥት ማን ይክፈል? እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

የመተማ መንገድ፦
እኔን ከዴም እስከ ጋላባት ለማድረስ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ወጪውን ለማወቅ ከፈለጉ መጀመሪያ የእኛን ዓይነቶቹን ይጠይቁ።

ዓባይ ማዶ፦
የከፈሉትን አልካድኩም። የመንግሥትን ነው የምጠይቀው።